«አንጂን» ጉሮሮ ነው ወይስ ልብ? ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ የመጣ አንድ የሐኪም ወረቀት፤ የጉዳይ ጥናት

በግንቦት ወር መጀመሪያ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ፣ የ61 ዓመት ሰው ቀኝ እጃቸውን ጨብጠው ደረታቸው መሃል ላይ እንደጫኑ በባጃጅ ድሬዳዋ ውስጥ ወዳለ አንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ደረሱ። ላብ አጥምቋቸዋል። ልጃቸው በያዘው ፌስታል ውስጥ ሁለት ነገር ነበር፤ ጅቡቲ ውስጥ በፈረንሳይኛ የተጻፈ የሐኪም ወረቀትና ከ21 እንክብል 12 የቀረው አሞክሲሲሊን። ወረቀቱ ስለ ልብ ነው የተጻፈው፤ መድኃኒቱ ግን ለጉሮሮ የተገዛ ነው። ሁለቱ በአንድ ፌስታል እንዴት ሊገናኙ እንደቻሉ መመርመር «አንጃይና» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነና እንዴት መጻፍ እንዳለበት ከየትኛውም መዝገበ ቃላት በተሻለ ያሳያል። ታካሚው እንዳይለዩ ስማቸው፣ ሰፈራቸውና የታከሙባቸው ተቋማት እዚህ አልተጠቀሱም።

ቃሉ ከየት ተነሣ

አንጃይና ላቲን ነው። ሥሩ «አንጌሬ» የሚለው ግስ ሲሆን ትርጉሙ ማነቅ፣ ማጥበቅ፣ ማስጨነቅ ነው። እንግሊዝኛው ለጭንቀት የሚለው «አንግዛይቲ» ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። በእኛም ቋንቋ «ጨነቀኝ» የሚል ሰው አንዳንዴ ስለ ሐሳቡ፣ አንዳንዴ ስለ ደረቱ ይናገራል፤ ሁለቱን የሚለየው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ብቻ ነው። «ፔክቶሪስ» ደግሞ «የደረት» ማለት ነው። ስለዚህ አንጃይና ፔክቶሪስ ቃል በቃል ሲፈታ «የደረት መታነቅ» ይሆናል።

የሮማ ሐኪሞች አንጃይና የሚሉት ጉሮሮን አሳብጦ ትንፋሽ የሚያሳጥር በሽታን ነበር። ለደረቱ ሕመም ስሙን የሰጠው እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሄበርደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1768 በሎንዶን የሐኪሞች ኮሌጅ አነበበው፤ በ1772 ታተመ። ሄበርደን የገለጸው ሰዎች ሲራመዱ፣ በተለይም ዳገት ሲወጡና ምግብ እንደበሉ፣ ደረታቸውን የሚይዛቸውንና ቆም ሲሉ የሚለቃቸውን ሕመም ነው። የልብ ደም ቧንቧ መጥበቡ ከዚህ ጋር እንደሚያያዝ ያኔ አላወቀም። የሰየመው የሕመሙን ጠባይ ነው። ይህ ነጥብ ለጉዳያችን ቁልፍ ነው፤ አንጃይና የሚለው ቃል እስከ ዛሬም የሚሰይመው የሕመሙን አካሄድ እንጂ የታመመውን ብልት አይደለም።

ቃሉ ድንበር ሲሻገር ብልት ይቀይራል። በእንግሊዝኛ ለብቻው «አንጃይና» ከተባለ ልብ ነው። በፈረንሳይኛ ለብቻው «አንጂን» ከተባለ የጉሮሮና የቶንሲል ቁስለት ነው። በሩሲያኛ፣ በጀርመንኛና በስፓኒሽም የየዕለት ንግግሩ ወደ ጉሮሮ ያደላል። ፈረንሳዮች ልብን ሲፈልጉ «አንጂን ደ ፖትሪን» ይላሉ፤ «ፖትሪን» ደረት ነው። ሐኪሞቻቸው ደግሞ «አንጎር» ይሉታል። በአረብኛ «ዘብሐ ሰድሪያ» ይባላል፤ «ዘብሐ» ከማረድ ጋር የሚዛመድ ቃል ሲሆን እሱም በጥንት ጊዜ የጉሮሮ በሽታ መጠሪያ ነበር። በኢትዮጵያ ሕክምና የሚማሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ የእኛ ባለሙያ አንጃይና ሲል ልብን ብቻ ያስባል። የጥርስና የአፍ ሐኪሞች ግን «ሉድዊግ አንጃይና» የሚሉት አለ። እሱ ከምላስ ሥር እስከ አንገት የሚያብጥ፣ መተንፈሻን ሊዘጋ የሚችል ኢንፌክሽን ነው፤ ከልብ ጋር ግንኙነት የለውም።

ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 የባቡሩ ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በለገሃሬ ዙሪያ ያደጉ አዛውንት ዛሬም ፈረንሳይኛ ይነጋገራሉ። ጅቡቲ የሚታከም ሰው ወረቀቱን በፈረንሳይኛ፣ ከሳዑዲ ወይም ከየመን የሚመለስ ሰው በአረብኛ ይዞ ይመጣል። ሦስት ቋንቋ በአንድ የካርድ ክፍል ጠረጴዛ ላይ የሚገናኝበት ከተማ ነውና እዚህ የተፈጠረው ስሕተት የማንም ሰው ስንፍና ብቻ አይደለም።

ሕመሙ እንዴት ጀመረ

ታካሚው በባቡር ወርክሾፕ ማሽኒስት ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ለ30 ዓመት ያህል በቀን ከ10 እስከ 15 ሲጋራ አጭሰዋል። ደም ግፊት እንዳለባቸው ከተነገራቸው ስድስት ዓመት ሆኗል፤ አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም የሚወስዱት ራሳቸውን ሲያማቸው ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላ በርጫ አይቀርባቸውም።

የመጀመሪያው ምልክት የታየው በጥር፣ ሐረር ለቀብር በሄዱበት ጊዜ ነው። ምሳ በልተው ከኤረር በር ወደ ፈረስ መጋላ ሲወጡ መንገዱ አጋማሽ ላይ ደረታቸው ታፈነ። ስሜቱ ወደ ጉሮሮአቸውና ወደ ታችኛው መንጋጋቸው ወጣ። የጀጎልን ግንብ ተደግፈው ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ቆሙ፤ ለቀቃቸው። ዘመዶቻቸው «የሐረር ብርድ ነው» አሉ። ዝንጅብልና ጤና አዳም ተፈላላቸው።

«ብርድ» የተባለው ፈጽሞ ስሕተት አልነበረም። ብርድ የቆዳን ደም ቧንቧዎች ያጠባል፣ የደም ግፊትን ይጨምራል፣ ልብ በበለጠ ኃይል እንድትገፋ ያስገድዳል። ምግብ ሲበላም ወደ ሆድ የሚሄደው ደም ይጨምራል። ዳገቱ ሲታከልበት ሦስት ሸክም በአንዴ ነው። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ሜዳማ ከተማ ናት፤ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ መንገዶቿም ዳገትና ቁልቁለት ናቸው። አንድ የልብ ቧንቧ በሁለት ሦስተኛ ያህል ጠቦ ሜዳ ላይ ለሚራመድ ሰው የሚበቃ ደም ሊያሳልፍ ይችላል። ያው ቧንቧ የጀጎል ዳገት ላይ አይበቃም። ለዚህ ነው ታካሚው ለሳምንታት «ድሬ ደህና ነኝ፣ ሐረር አይስማማኝም» ሲሉ የቆዩት።

በየካቲት ግን ድሬዳዋ ውስጥም መጣ። ቀፊራ ገበያ ሄደው 15 ኪሎ ያህል ዕቃ ተሸክመው ሲመለሱ ያዛቸው። አንድ ክሊኒክ ሄዱ። «የት ነው የሚያምዎት?» ተብለው ሲጠየቁ እጃቸውን ከደረታቸው ዝቅ አድርገው «ልቤን፣ እዚህ ጋ ያቃጥለኛል» አሉ። በአማርኛ «ልቤን» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያሳየው የደረት አጥንት የሚያልቅበትን ጉድጓድ ነው፤ «ልቤን አቃጠለኝ» ቃር ነው። በሱማሊኛም «ላብ» ደረት ሲሆን «ላብጄሕ» ቃር ነው። የክሊኒኩ ባለሙያ የሰማውን ተከትሎ ሄዷል። የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራ ታዘዘ፤ «ፖዘቲቭ» መጣ፤ ለ14 ቀን ኦሜፕራዞል፣ አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲን ተሰጠ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ይህ ባክቴሪያ በአገራችን እጅግ ብዙ ሰው ጨጓራ ውስጥ የሚገኝ ነው፤ አብዛኛው ተሸካሚ ምንም አያመውም። ስለዚህ ምርመራው ፖዘቲቭ መሆኑ ለደረት ሕመሙ ማብራሪያ አይሆንም። ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ «ሲቀመጡ ይመጣል ወይስ ሲራመዱ?» የሚለው ነበር። ቃር ሰው ሲተኛ፣ ሲጎነበስ፣ ቅመም ሲበላ ይመጣል፤ ከጀመረም ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይቆያል። የልብ መታነቅ ሥራ ሲበዛ ይመጣል፤ ሥራው ሲቆም በደቂቃዎች ይሄዳል። ከዚህ የበለጠ መለያ ደግሞ የለም፤ ማንኛውም ጤና ጣቢያ ያለ መሣሪያ ሊያደርገው ይችላል።

የጅቡቲው ወረቀት

በመጋቢት መጨረሻ ሴት ልጃቸውን ለመጠየቅ ጅቡቲ ሄዱ። ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሻንጣ ይዘው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ተቀመጡ። በማግስቱ ያያቸው ሐኪም በወረቀቱ ላይ «አንጂን ደ ፖትሪን» ብሎ ጻፈ። አቴኖሎል 50 ሚሊግራም በቀን አንዴ፣ አስፒሪን 75 ሚሊግራም በቀን አንዴ፣ እንዲሁም ሲያማቸው ከምላስ ሥር የሚደረግ ትሪኒትሪን አዘዘ። ትሪኒትሪን እኛ ናይትሮግሊሰሪን የምንለው ነው። ትእዛዙ ትክክል ነበር። ገንዘብ የበቃው ግን ለ30 ቀን ብቻ ነው። ክትትል እንዲያደርጉ በቃል ተነግሯቸዋል፤ በወረቀት አልተጻፈም።

ድሬዳዋ እንደተመለሱ ወረቀቱን ፈረንሳይኛ ለሚያውቁ የቀድሞ የሥራ ባልደረባቸው አሳዩ። ሰውየው አነበቡና «አንጂን ማለት ቶንሲል ነው፤ ልጅ ሆነን ሐኪሞቹ ይሉን የነበረው ነው» አሉ። የቋንቋ ዕውቀታቸው ልክ ነበር፤ ያመለጣቸው «ደ ፖትሪን» የሚለው ቅጥያ ነው። ታካሚው ደግሞ ጉሮሮአቸውን እንደሚያንቃቸው ራሳቸው ስለሚያውቁ ትርጉሙ ከሰውነታቸው ጋር ገጠመ። አሳሳቹም ይህ ነው። የልብ ሕመም ወደ ጉሮሮ፣ መንጋጋ፣ ትከሻ፣ ግራ ክንድና ጀርባ የሚሄደው የልብ ነርቮችና የእነዚህ ቦታዎች ነርቮች ወደ አከርካሪ ገመድ በአንድ አካባቢ ስለሚገቡ ነው፤ አንጎል የትኛው እንደጮኸ መለየት ያቅተዋል። በአንዳንድ ሰው ደረት ላይ ምንም ሳይሰማ መንጋጋው ብቻ ያመዋል፤ ጥርሱን አስነቅሎ የሚሄድም አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህች አንዲት ቃል የተነሣ ነው። «ለቶንሲል ወር ሙሉ ኪኒን አይዋጥም» ተባለና አቴኖሎሉ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሲያልቅ ሳይገዛ ቀረ። አስፒሪኑም አብሮ ቆመ። ትሪኒትሪኑ ከነጠርሙሱ አልተቀመጠም፤ ጠርሙሱ ለጉዞ አይመችም ተብሎ ክኒኖቹ በላስቲክ ተጠቅልለው የሸሚዝ ኪስ ውስጥ ገቡ።

አቴኖሎልን በድንገት ማቆም ራሱን የቻለ አደጋ ነው። መድኃኒቱ ልብ ለአድሬናሊን የምትሰጠውን ምላሽ ይዞ ያቆያል፤ በወሰዱት ጊዜ ሁሉ ልብ ተጨማሪ የአድሬናሊን መቀበያ ታበጃለች። መድኃኒቱ ሲነሣ ያ ሁሉ መቀበያ በአንዴ ለአድሬናሊን ይጋለጣል፤ ትርታው ይፈጥናል፣ ግፊቱ ይወጣል፣ የቆየው የደረት ሕመም ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ ይህ የሚታየው ካቆሙ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። ማቆም ግድ ከሆነም በሐኪም ትእዛዝ መጠኑ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት እየተቀነሰ ነው የሚቆመው።

መድኃኒቱን ባቆሙ በአምስተኛው ቀን ከቤታቸው እስከ ባጃጅ ተራ ያለውን 150 ሜትር ያህል መንገድ ሳያርፉ መጨረስ አቃታቸው። በሰባተኛው ቀን ሌሊት ከእንቅልፍ ቀሰቀሳቸው። በማግስቱ ለቶንሲል ተብሎ አሞክሲሲሊን 500 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ለሰባት ቀን ከመድኃኒት ቤት ተገዛ። ጉሮሮአቸውን ባትሪ አብርቶ ያየ ሰው አልነበረም። ቢታይ ቀይም ነጭም ነገር እንደሌለበት፣ ትኩሳትም እንደሌላቸው፣ ሲውጡም እንደማያማቸው በሁለት ደቂቃ ይታወቅ ነበር።

አሞክሲሲሊኑን በጀመሩ በሦስተኛው ቀን፣ ከ8 ሰዓት ጀምሮ በርጫ ላይ ተቀምጠው አንድ እስር ጫት ቅመውና ስድስት ሲጋራ አጭሰው፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ደረታቸው ታነቀ። ከኪሳቸው አንድ ትሪኒትሪን አውጥተው ከምላሳቸው ሥር አደረጉ። ምንም አልሆነም። ሁለተኛም አደረጉ። ራስ ምታት እንኳ አልተሰማቸውም። 25 ደቂቃ ሲያልፍ ልጃቸው ባጃጅ ጠራ።

ክኒኑ ለምን አልሠራም? ናይትሮግሊሰሪን የሚተን ነገር ነው። በመጣበት ጥቁር ወይም ቡናማ ጠርሙስ፣ ክዳኑ ጥብቅ ሆኖ፣ ከ25 ዲግሪ በታች ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል። ላስቲክ መድኃኒቱን ወደ ራሱ ይመጥጣል፤ የሰውነት ሙቀት ያተነዋል። በግንቦት የድሬዳዋ ቀን ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ኪስ ውስጥ የከረመ ክኒን መልኩ ሳይቀየር ባዶ ዱቄት ሊሆን ይችላል። ጠርሙሱ ከተከፈተ ስምንት ሳምንት ካለፈውም መጣል አለበት። በቆላ ለሚኖር ሰው ከምላስ ሥር የሚደረገው አይሶሶርባይድ ዳይናይትሬት 5 ሚሊግራም ይሻላል፤ ሙቀትን ይበልጥ ይቋቋማል።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ

የደም ግፊት 165 በ95፣ ትርታ በደቂቃ 104፣ የኦክስጅን መጠን 95 በመቶ። ነርሷ «አባባ፣ ደረትዎን ያምዎታል?» ብላ ስትጠይቅ «አያመኝም» አሉ። ቀጥለው ግን «ድንጋይ ተጭኖብኛል» አሉ። ለብዙ የአማርኛ ተናጋሪ «ሕመም» ውጋት ወይም ቁስል ነው፤ መጫንን፣ መታፈንን፣ መጨምደድን ሕመም አይለውም። «ያምዎታል?» ብሎ ጠይቆ «አይ» ሲባል መዝገቡ ላይ «የደረት ሕመም የለም» ብሎ መጻፍ ሰው ይገድላል። የሚሻለው «ሲራመዱ መንገድ ላይ የሚያስቆምዎ ነገር አለ?» ብሎ መጀመር ነው። ቀጥሎ «ሲቆሙ በስንት ደቂቃ ይለቅዎታል?»፣ «ባዶ ሆድዎንና ከምሳ በኋላ ልዩነት አለው?»፣ «ካለፈው ወር ዛሬ በምን ተለወጠ?» ማለት ይገባል። ቦታውን በእጃቸው እንዲያሳዩ መጠየቅም ብዙ ይናገራል። በአንድ ጣት ጫፍ ነጥብ የሚያሳይ፣ ሲነካውም የሚያመው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጡንቻው ወይም የጎድን አጥንቱ ነው። ሙሉ መዳፉን ወይም ጭብጡን ደረቱ መሃል የሚያሳርፍ ሰው ግን ሐኪሙ ከወንበሩ ሊነሣለት ይገባል። ይህ ግን ምልክት እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ስኳር ያለባቸው፣ አዛውንቶችና ሴቶች ደረታቸው ላይ ምንም ሳይሰማቸው ትንፋሽ ማጠር ወይም ያልተለመደ ድካም ብቻ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ።

የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው በገቡ በዘጠነኛው ደቂቃ ተነሣ፤ ከ10 ደቂቃ ማለፍ የለበትም። በደረት ግራ በኩል በሚለጠፉት ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ባሉት ላይ የልብ ጡንቻ ደም ሲያንሰው ዝቅ የሚለው የኤስ ቲ መስመር 1.5 ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ታየ። ትሮፖኒን የተባለው የልብ ጡንቻ ሲሞት ወደ ደም የሚወጣ ፕሮቲን እንደገቡና ከስድስት ሰዓት በኋላ ተለካ፤ ሁለቱም ጊዜ ኔጋቲቭ ሆነ። ስለዚህ የልብ ጡንቻ ገና አልሞተም፤ ቧንቧው ግን ሊዘጋ ተቃርቧል። ይህ «ያልተረጋጋ አንጃይና» የሚባለው ነው። በጥር ወር ሐረር ላይ የያዛቸው ደግሞ የተረጋጋው ነበር። ሁለቱ በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ አንዱ በቀጠሮ የሚታይ፣ ሌላው በደቂቃ የሚታይ ነው። ባለሙያ «አንጃይና» ብሎ ብቻ ከጻፈ የትኛውን እንደሆነ አልተናገረም።

አስፒሪን 300 ሚሊግራም አኝከው እንዲውጡ ተደረገ፤ ሲታኘክ ቶሎ ወደ ደም ይገባል። ክሎፒዶግሬል 300 ሚሊግራም ተጨመረ። ለወንድ ብልት መነሣት የሚወሰድ ሲልዴናፊል ባለፉት 24 ሰዓታት አለመውሰዳቸው በጆሮአቸው በለሆሳስ ተጠየቀ፤ ከናይትሬት ጋር ሲገናኝ ግፊትን በአደገኛ ሁኔታ ይጥላልና። ታዳላፊል ከሆነ 48 ሰዓት ይቆጠራል። ልጅ አጠገቡ ቆሞ ማንም አባት «ወስጃለሁ» አይልም፤ ስለዚህ ልጁን ማስወጣት የሕክምናው አካል ነው። ከዚያ አይሶሶርባይድ ዳይናይትሬት 5 ሚሊግራም ከምላስ ሥር ተደረገ፤ በአራት ደቂቃ ውስጥ ሸክሙ ቀለለ። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ኢኖክሳፓሪን በኪሎ 1 ሚሊግራም ሂሳብ በየ12 ሰዓቱ፣ ከአቴኖሎል ወገን የሆነው ሜቶፕሮሎል 25 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ፣ ኮሌስትሮል የሚቀንሰው አቶርቫስታቲን 80 ሚሊግራም ማታ ማታ ተጀመረ። በባዶ ሆድ የተለካ ስኳራቸው 168 ነበር፤ በማግስቱም 159 ሆነ። ስኳር እንዳለባቸው ያወቁት ያን ቀን ነው።

እዚህ ላይ ስለ ናይትሬት አንድ ጥንቃቄ መጨመር ያስፈልጋል። ክኒኑ ሕመሙን ማቆሙ ልብ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ የምግብ ቧንቧ ሲኮማተርም ያው ክኒን ያላላዋል። በተቃራኒው የጨጓራ ሽሮፕ ማስታገሱም ልብ አለመሆኑን አያሳይም። እንዲሁም በእረፍት ላይ የተነሣ የኤሌክትሪክ ምርመራ ደህና መሆኑ ብዙ ሰው ያጽናናል። የተረጋጋ አንጃይና ካለባቸው ሰዎች በግማሽ ያህሉ ግን ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ታካሚው በየካቲት ተነሥቶላቸው ቢሆን «ልብዎ ደህና ነው» ተብለው ሊመለሱ ይችሉ ነበር።

ስለ ጫቱ የተጠየቁት በሁለተኛው ቀን ነው፤ ያለ ቁጣ፣ ስንት ሰዓት እንደሚቀመጡና ከምን ጋር እንደሚወስዱ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር ይመሳሰላል። በተቃመባቸው ሰዓታት የልብ ትርታንና ግፊትን ይጨምራል፤ የልብ ቧንቧንም ሊያኮማትር ይችላል። የመን ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች ጫት የሚቅሙ ሰዎች ላይ የልብ ድንገተኛ ሕመም በብዛት እንደሚታይና ሰዓቱም ወደ ከሰዓት በኋላ እንደሚያደላ አሳይተዋል። በድሬዳዋና በሐረር ይህን ሳይጠይቁ የደረት ሕመም ታሪክ ተወሰደ ማለት አይቻልም። ሲጋራው ከጫቱ ጋር ሲደመር ልብ ብዙ ኦክስጅን እየፈለገች ትንሽ እንድታገኝ ያደርጋታል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛልና።

ወረቀቱ እንዴት መጻፍ ነበረበት

በአምስተኛው ቀን ወደ አዲስ አበባ ለአንጂዮግራፊ፣ ማለትም የልብ ደም ቧንቧዎችን በራጅ ለሚያሳየው ምርመራ፣ ተላኩ። በልብ የፊት ክፍል የሚወርደው የግራ ቧንቧ 85 በመቶ ጠቦ ተገኘ፤ ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ ስቴንት የተባለ ትንሽ የሽቦ ቱቦ ገባላቸው። የላካቸው ሐኪም የጻፈው የመላኪያ ወረቀት ግን ሊታይ የሚገባው ነው። «አንጃይና» ብሎ አላቆመም። እንዲህ ይላል፦ «የ61 ዓመት ወንድ። ደረት መሃል የመጫንና የማነቅ ስሜት፣ ወደ ጉሮሮና መንጋጋ የሚሄድ፣ ለአራት ወር። መጀመሪያ ዳገት ሲወጣ ብቻ፣ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ፣ ሲቆም የሚለቅ። አቴኖሎል በድንገት ከቆመ በኋላ በአሥር ቀን ውስጥ በ150 ሜትር ሜዳ፣ ቀጥሎም በእረፍት ላይ። የመጨረሻው 25 ደቂቃ ከላብ ጋር። ጉሮሮ ታይቷል፤ ጤነኛ ነው።»

ይህን ያነበበ ማንኛውም ሐኪም፣ በየትኛውም አገር የተማረ ይሁን፣ ጉሮሮ ነው ብሎ አያስብም። ስሜቱ፣ የሚቀሰቅሰው፣ የሚያስታግሰው፣ የሚቆይበት ደቂቃና የተለወጠበት ፍጥነት ተጽፏልና። ቁጥሩ በተለይ ይጠቅማል። የአንጃይና ደረጃ የሚለካው ሰውየው በሚችለው ነው። በከባድ ጥድፊያ ብቻ ከመጣ አንደኛ፣ ዳገትና ከምግብ በኋላ ከሆነ ሁለተኛ፣ በአጭር ሜዳ ወይም አንድ ፎቅ ሲወጣ ከሆነ ሦስተኛ፣ በእረፍት ከሆነ አራተኛ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1976 የታተመው የካናዳ የልብ ሐኪሞች ማኅበር አከፋፈል ነው። ታካሚው ከሁለተኛ ወደ አራተኛ የወረዱት በአሥር ቀን ነው። «የደረት ሕመም ያለበት» የሚል ወረቀት ይህን ሁሉ ይደብቃል። ከሌላ አገር የመጣ ወረቀት ላይ «አንጂን» ወይም «አንጊና» የሚል ቃል ያየ ሰው ደግሞ ሦስት ነገር ማየት አለበት፤ ቀጥሎ «ፖትሪን» ወይም «ፔክቶሪስ» አለ ወይ፣ የታዘዘው መድኃኒት አንቲባዮቲክ ነው ወይስ አስፒሪንና ናይትሬት፣ ሐኪሙስ የምን ስፔሻሊስት ነው። የጅቡቲውን ወረቀት የፈታው የመድኃኒቱ ዝርዝር ነበር፤ ለቶንሲል አቴኖሎል የሚያዝ ሐኪም የለም።

በሕዝቡ ዘንድ የሚነገረው «የልብ ድካም» የሚለውም ቃል ችግር ፈጥሯል። በባለሙያው ዘንድ ልብ ደም መግፋት ሲያቅታት፣ እግር ሲያብጥ፣ ተኝቶ መተንፈስ ሲያስቸግር ነው። በቤት ውስጥ ግን ድንገት ልብ ይዞት የሞተው ሁሉ «በልብ ድካም ሞተ» ይባላል። ታካሚው «የልብ ድካም አለብዎት?» ሲባሉ «የለብኝም» ያሉት እውነታቸውን ነው፤ እግራቸው አላበጠም። ለእሳቸውና ለቤተሰባቸው የተመረጠው አባባል «የልብ ደም ቧንቧ መጥበብ» ነው፤ ሕመሙ ሲመጣ ደግሞ «መታነቁ መጣ» ይላሉ። ራሳቸው የሰጡት ስም ስለሆነ አይረሱትም።

ከሆስፒታል ሲወጡ በአማርኛ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ አንድ ካርድ ተሰጣቸው። መታነቁ ሲመጣ ሥራ አቁሞ መቀመጥ፣ ቆሞ መድኃኒት አለማድረግ፤ ግፊት ወርዶ ሊወድቁ ይችላሉ። አንድ ክኒን ከምላስ ሥር ማድረግ እንጂ አለመዋጥ። አምስት ደቂቃ በሰዓት መቁጠር። ካልለቀቀ ሁለተኛውን እያደረጉ መኪና መጥራት፤ ከሦስት በላይ አለማድረግ። ሜቶፕሮሎሉ አምስት ቀን ሲቀረው መግዛት፣ አንድም ቀን አለማቋረጥ። ጠርሙሱ ላይ የተከፈተበት ቀን በእስክርቢቶ ይጻፋል።

ከሦስት ወር በኋላ በነሐሴ ለክትትል ሲመጡ ግፊታቸው 128 በ78፣ ትርታቸው 62 ነበር። ሲጋራ ካቆሙ 11 ሳምንት ሆኗቸዋል። በርጫ ላይ ይቀመጣሉ፤ የሚጠጡት ግን ሻይ ነው። ሐረር ሄደው ከኤረር በር እስከ ፈረስ መጋላ ያለውን መንገድ አንዴም ሳይቆሙ ወጥተዋል። ነርሷ ጠርሙሱን ጠየቀቻቸው፤ ከቦርሳ አውጥተው ሰጧት፤ የተጻፈበት ቀን ስምንት ሳምንት ከሁለት ቀን ሆኖት ነበርና አዲስ ተሰጣቸው።